ማንም በዓይኑ ያላየውን የፖሊዮ ቫይረስ ቅርጽ ማን ሣለው?

የቱሉ ዲምቱ መምህር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ፣ የዚህ መድረክ ወዳጆች። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሁለት ማይክሮስኮፖች አሉን፤ የአንዱ መስታወት ስለ ደበዘዘ ግን የምንጠቀመው በአንዱ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼ ተራ በተራ ጎንበስ እያሉ የሽንኩርት ልጣጭ ሴሎችን ካዩ በኋላ፣ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ እንግዲያውስ ፖሊዮንም ያሳዩን» አለችኝ። በብርሃን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖሜትር በታች ያለውን ነገር ለይቶ ማሳየት እንደማይችል፣ የፖሊዮ ቫይረስ ስፋት ደግሞ ወደ 30 ናኖሜትር ብቻ እንደሆነ ነገርኳት። በአንዲት የጤፍ ቅንጣት ርዝመት ልክ ቫይረሱ ቢደረደር ከሠላሳ ሺህ በላይ እንደሚሆንም ጨመርኩላት። እርሷ ግን በዚህ አልረካችም፤ «ታዲያ ማንም ካላየው መጽሐፉ ላይ ያለውን ሥዕል ማን ሣለው?» አለች።

ለጊዜው «በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ታይቶ ነው» ብዬ አለፍኩት። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን መልሴ እኔኑ አላጠገበኝም። የድሮዎቹን የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶዎች አይቻቸዋለሁ፤ ድብልብል ግራጫ ነጠብጣቦች ናቸው። በመጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል ግን የእያንዳንዱን ፕሮቲን እጥፋት ሳይቀር ያሳያል። ከነጠብጣቡ ወደ እጥፋቱ እንዴት ተደረሰ? ቅርጹን በዚህ ያህል ዝርዝር ማወቁስ ለእኛ፣ ልጆቻችንን አስከትበን ለምንመለሰው ሰዎች፣ ምን ይረባል? የምታውቁ ብታስረዱኝ ለተማሪዋ ተገቢውን መልስ ይዤ እገባለሁ።

ክሪስታል አብቃይ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

መምህር፣ እኔ የተማርኩት የፕሮቲኖችን ቅርጽ ጥናት ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ይታገሡኝ። ካርል ላንድስታይነርና ኤርቪን ፖፐር እ.ኤ.አ. በ1908 ቪየና ውስጥ የልጅነት ልምሻን ወደ ጦጣዎች በማስተላለፍ መንስኤው በማይክሮስኮፕ የማይታይ ነገር መሆኑን ካመለከቱ በኋላ፣ ተማሪዎ ለጠየቀችው ጥያቄ የተሟላ መልስ እስኪገኝ ከሰባ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

የመጀመሪያው ፍንጭ የመጣው ከሂሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ክሪክና ዋትሰን፣ ትናንሽ ቫይረሶች ቅርፊታቸውን የሚሠሩት ተመሳሳይ የሆኑ ብዙ ቁራጮችን በመገጣጠም መሆን አለበት ብለው ጻፉ። ምክንያቱን ዛሬ በምናውቀው የፖሊዮ ቁጥር ላሳይ። የፖሊዮ አር ኤን ኤ፣ ማለትም የዘር መመሪያው፣ ወደ 7,440 ፊደላት አሉት። ፕሮቲን ለሚገነባበት ለአንድ አሚኖ አሲድ ሦስት ፊደል ስለሚያስፈልግ፣ አር ኤን ኤው ከዳር እስከ ዳር ቢነበብ እንኳ 2,500 አሚኖ አሲድ አይሞላም። የቫይረሱ ቅርፊት ግን ከ52,000 በላይ አሚኖ አሲዶች አሉበት። ይህ ሊሆን የሚችለው ያው ትንሽ መመሪያ ደጋግሞ ሲሠራ ብቻ ነው፤ በየሰፈራችን ዳር ብሎኬት የሚያመርቱ ልጆች በአንዲት የብረት ሳጥን ቀኑን ሙሉ ሲያወጡ የሚውሉትን ብሎኬት ያስቧል። ፖሊዮ አራት ዓይነት የቅርፊት ፕሮቲኖች አሉት፤ እያንዳንዳቸውም 60 ጊዜ ይደጋገማሉ።

እነዚህ 60 ቁራጮች እንዴት እንደተደረደሩ የነገረን ኤክስሬይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ሻፈርና ሽዌርት የተባሉ ተመራማሪዎች በካሊፎርኒያ በርክሊ የፖሊዮ ቫይረስን ክሪስታል እንዲሠራ አደረጉት፤ ይህም ከሰውና ከእንስሳት ቫይረሶች የመጀመሪያው ነበር። ክሪስታል ማለት እልፍ አእላፍ ቫይረሶች እንደ ሰልፈኛ በአንድ አቅጣጫ ተደርድረው የቆሙበት ጠጣር ነገር ነው። ለንደን ውስጥ ሮዛሊንድ ፍራንክሊን በዚህ ላይ መሥራት ጀምራ ሳትጨርሰው እ.ኤ.አ. በ1958 በ37 ዓመቷ አረፈች። ባልደረቦቿ ጆን ፊንችና አሮን ክሉግ ሥራውን ቀጥለው በ1959 ሲያሳትሙ ለእርሷ መታሰቢያ አደረጉት። ቫይረሱ ባለ ሃያ ገጽ የሆነው አካል፣ አይኮሳሄድሮን የሚባለው፣ ያለው ዓይነት ሲሜትሪ፣ ማለትም ሲያዞሩት መልሶ ያንኑ የመምሰል ጠባይ፣ እንዳለው ያኔ ታወቀ። በሜዳ ላይ የምናውቀው ጥቁርና ነጭ የቆዳ ኳስም የዚሁ ዘመድ ነው፤ 12ቱ ጥቁር ባለ አምስት ጎን ቁራጮች ያሉበት ቦታ የአይኮሳሄድሮኑ 12 ጫፎች ማለት ነው።

ኤክስሬይ ይህን እንዴት እንደሚናገር ተማሪዎችዎ ራሳቸው ማየት ይችላሉ። ማታ ጥቁር የናይለን ጃንጥላ ዘርግተው፣ በጨርቁ ውስጥ አሻግረው ሩቅ ያለ የመንገድ መብራት ይመልከቱ። በአንዱ መብራት ዙሪያ በመስቀል ቅርጽ የተደረደሩ ትናንሽ መብራቶች ያያሉ። ነጠላ ለዚህ አይመችም፤ ክሮቹ የተራራቁ ናቸው። ጨርቁ እየጠበቀ በሄደ ቁጥር ነጥቦቹ እየተራራቁ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ክሩን ሳያዩ፣ ከነጥቦቹ ርቀት ብቻ ተነሥተው የክሩን ርቀት ማስላት ይችላሉ። ክሪስታሉ ጨርቃችን፣ ኤክስሬይ ደግሞ መብራታችን ነው።

ችግሩ፣ ነጥቦቹ ብርታታቸውን እንጂ ሞገዱ ከየትኛው እርከኑ ላይ ሆኖ እንደደረሰ አይናገሩም፤ ያለዚያ ደግሞ ሥዕሉ አይሠራም። እዚህ ላይ የቫይረሱ መደጋገም ራሱ አገዘ፤ 60ዎቹ ቁራጮች አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው የሚለው ግዴታ የጎደለውን መረጃ ለመሙላት ረዳ። እ.ኤ.አ. በ1985 ጄምስ ሆግል፣ ማሪ ቻውና ዴቪድ ፊልማን የፖሊዮ ዓይነት አንድን ቅርጽ እስከ 2.9 አንግስትሮም፣ ማለትም ከናኖሜትር አንድ ሦስተኛ እስከሚያንስ ዝርዝር አወጡ። በዚያው ዓመት የማይክል ሮስማን ቡድን የጉንፋን አምጪ የሆነውን የራይኖቫይረስን ቅርጽ አውጥቷል። ስለዚህ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእጥፋቱ ሥዕል መጀመሪያ የመጣው ከማይክሮስኮፕ ሳይሆን ከስሌት ነው።

የጎሮ ነዋሪ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ስለ ማብራሪያው አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። በስሌት የተገኘ ከሆነ በየድረ ገጹ የምናየው ቀይና ሰማያዊ ቀለም ያለው ቫይረስ ከየት መጣ? ደግሞ በቅርቡ እንደሰማሁት፣ በአዲሱ ዘዴ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ብዥ ያሉ ምስሎችን በኮምፒዩተር አማካይ እየወሰዱ ነው ጥርት ያለውን ሥዕል የሚያወጡት። ሺህ ብዥታ ተደምሮ ጥራት የሚሆነው በምን ስሌት ነው? ኮምፒዩተሩ እነርሱ አስቀድመው የፈለጉትን ሥዕል መልሶ አይሰጣቸውም ወይ? ለማጣጣል ሳይሆን ለመረዳት ነው የምጠይቀው።

ክሪስታል አብቃይ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡10

ስለ ቀለሙ ልክ ነዎት፤ ሠዓሊው የጨመረው ነው። ከብርሃን ሞገድ ርዝመት ከአሥር እጥፍ በላይ ለሚያንስ ነገር «ቀይ ነው፣ ሰማያዊ ነው» ማለት ትርጉም የለውም፤ ቀለሙ አንዱን ፕሮቲን ከሌላው ለመለየት ብቻ ነው።

ስለ አማካዩ ያነሡት ግን የሙያው ሰዎች ራሳቸው የተከራከሩበት ጥያቄ ነው። አዲሱ ዘዴ፣ በቅዝቃዜ የሚሠራው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ፣ ዣክ ዱቦሼን፣ ዮአኪም ፍራንክንና ሪቻርድ ሄንደርሰንን እ.ኤ.አ. በ2017 የኬሚስትሪ ኖቤል ያሸለመ ነው። ቫይረሱ ያለበትን ውሃ በጣም ስስ አድርገው ይዘረጉና፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን በቀዘቀዘ ኢቴን ውስጥ በድንገት ይነክሩታል። ቅዝቃዜው ከመፍጠኑ የተነሣ ውሃው የበረዶ ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ አያገኝም፤ እንደ መስታወት ሆኖ ይቀራል፤ ቫይረሱም በውስጡ እንደቆመ ይቆያል። ናይትሮጅኑን በቀጥታ የማይጠቀሙት፣ ናሙናው ሲነካው ስለሚፈላና በናሙናው ዙሪያ የሚፈጠረው ትነት ቅዝቃዜውን ስለሚከላከል ነው።

ኤሌክትሮኑ ከበዛ ናሙናውን ስለሚያቃጥለው ጥቂት ብቻ ነው የሚተኮሰው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ምስል ደካማና ብዥ ያለ ይሆናል። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ስልክ ሲያወሩ ያስቡ። ሰውየው ያንኑ ዓረፍተ ነገር ቢደጋግምልዎ በየጊዜው የሚቆረጠው ቃል ስለሚለያይ ከአሥረኛው ድግግሞሽ በኋላ ሙሉውን ይሰሙታል። የሚቆረጠው በዘፈቀደ ስለሆነ ይጠፋፋል፤ የተነገረው ግን ያው ስለሆነ እየጠነከረ ይሄዳል። ፖሊዮን የመሰለ ቫይረስ ደግሞ በአንድ ምስል ውስጥ ያንኑ ነገር 60 ጊዜ ስለሚናገር ለዚህ ዘዴ የተመቸ ነው።

ሥጋትዎ ግን እውነት ነው። ሄንደርሰን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው ጽሑፍ አስጠንቅቆበታል። ምንም ነገር የሌለባቸውን፣ ንጹሕ ብዥታ የሆኑ ምስሎችን ወስዶ፣ እያንዳንዱን ከአንስታይን ፎቶ ጋር በሚገጥምበት በኩል አዙሮ አማካዩን ቢወስድ፣ የአንስታይን ፊት ብቅ ይላል። ማለትም ኮምፒዩተሩ አስቀድሞ የተነገረውን መልሶ ሊያመጣ ይችላል። ለዚህም ነው ዛሬ ምስሎቹን በሁለት ከፍለው፣ ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ ሳይተያዩ ሥዕላቸውን እንዲያወጡ የሚደረገው፤ የሚታመነውም ሁለቱ የተስማሙበት ዝርዝር ብቻ ነው። ከዚህ በላይ የምተማመነው ግን በሌላ ነገር ነው። የፖሊዮ ፕሮቲኖች የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል ከጂኑ ይታወቃል፤ በሥዕሉ ላይ እጥፋቱን ተከትለው ሲሄዱ ትልቅ አሚኖ አሲድ በሚጠበቅበት ቦታ ትልቅ ጉብታ፣ ትንሽ በሚጠበቅበት ትንሽ ጉብታ ካገኙ፣ ያንን ብዥታ በአጋጣሚ ሊያመጣው አይችልም።

የጎሮ ነዋሪ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡45

የአንስታይኑ ምሳሌ ገባኝ። ሁለት መዝጋቢ ሳይተያዩ ቆጥረው እንደሚያመሳክሩት ዓይነት ነው ማለት ነው።

የሙዳይ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

በመካከል ስለገባሁ ይቅርታ። እናቴ ሙዳይ ስትሰፋ ያንኑ ስፌት ዙር በዙር እያጠማዘዘች ስለምታወጣው፣ ሁሉም ቫይረስ ኳስ መሆን አለበት ወይ ብዬ ነው።

ክሪስታል አብቃይ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

አይደለም። ተመሳሳይ ቁራጮችን ደጋግሞ ለመግጠም ኳስ አንዱ መንገድ ሲሆን፣ እንደ እናትዎ ሙዳይ መጠማዘዝ ሌላው ነው። የኩፍኝ ቫይረስ አር ኤን ኤ በፕሮቲን ተጠቅልሎ የሚቀመጠው በዚህ በተጠማዘዘው መልክ ነው።

ሲስተር ከአቃቂ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡30

መምህር፣ ሁለተኛው ጥያቄዎ፣ «ለእኛ ምን ይረባል» ያሉት፣ የእኔን የዓመታት ጥያቄ ስለቀሰቀሰብኝ ነው የምጽፈው። እኔ ክትባት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በነበርኩበት ጤና ጣቢያ ለዘመቻ ልንወጣ ስንሰናዳ፣ አንዲት አዲስ ባልደረባችን አይስ ፓኮቹን ከማቀዝቀዣው እንዳወጣቻቸው፣ ላብ ሳያወጡ፣ ወደ ክትባት መያዣው ከተተቻቸውና የመርፌውን የፖሊዮ ክትባት ብልቃጦች አስጠግታ ደረደረቻቸው። ደንቡ አይስ ፓኩ ሲነቀነቅ ውስጡ ውሃ ሲንሿሿ እስኪሰማ መጠበቅ ነው። ስንደርስ ብልቃጦቹ ረግተው በረዶ ሆነዋል። ከቀለጡ በኋላ ወደ ብርሃን አንሥቼ አየኋቸው፤ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ያሉ ናቸው፤ አልጎሸም፣ አልዘቀጠም። ቪቪኤሙም፣ ብልቃጡ ላይ ያለው፣ ሙቀት ሲያገኘው የሚጠቁረው ትንሹ አራት ማዕዘን፣ አልጠቆረም። እርሷም «ምንም አልሆነምኮ» አለችኝ። አስወገድናቸው፤ ምን እንደ ሆኑ ግን ላስረዳት አልቻልኩም ነበር። «መመሪያው ነው» ነበር መልሴ።

ክሪስታል አብቃይ፣ መልሱ እዚህ እርስዎ በሚያወሩት ቅርጽ ውስጥ ይኖር ይሆን?

ክሪስታል አብቃይ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሲስተር፣ መልሱ በትክክል እዚያው ውስጥ ነው። እንዲያውም መምህሩ ቅርጹን ማወቅ ምን ይረባል ላሉት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኝም።

የፖሊዮን ቅርፊት እንደ ተጠመደ ወጥመድ ያስቡት። በ12ቱ ጫፎች ላይ አምስት አምስት ሆነው የተሰበሰቡት ቪፒ 1 የሚባሉት ፕሮቲኖች ጉብታ ይሠራሉ፤ በየጉብታው ዙሪያ ደግሞ ሸለቆ የመሰለ ቦይ አለ። በእኛ ሴሎች ላይ የሚገኘው ሲዲ 155 የተባለው ሞለኪውል የሚገባው በዚህ ቦይ ነው። ሲገባ ወጥመዱ ይፈናጠራል። ቅርፊቱ አራት በመቶ ያህል ይለጠጣል፤ በውስጥ በኩል ተደብቆ የነበረው ቪፒ 4 የተባለው ትንሹ ፕሮቲንና የቪፒ 1 አንዱ ጫፍ ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ በመጨረሻም አር ኤን ኤው ወደ ሴሉ ይገባል። የተፈናጠረው ቅርፊት ከወትሮው እምብዛም ያልጎደለበት ቢመስልም የገጹ መልክ ሌላ ነው።

ወጥመዱ ግን ያለ ሲዲ 155ም ሊፈናጠር ይችላል። ቫይረሱን እስከ 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢያሞቁት ያው ለውጥ ይከሰታል። የላቦራቶሪ ሰዎች የተጠመደውን መልክ ዲ አንቲጂን፣ የተፈናጠረውን ሲ አንቲጂን ይሉታል። የመርፌው ክትባት በፎርማሊን የተገደለ ቫይረስ ነው፤ ሰውነታችን የሚማረውም ከገጹ መልክ ነው። በሲ መልኩ የሰለጠነ አንቲቦዲ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን፣ በዲ መልኩ የሚመጣውን ሕያው ቫይረስ ሊያስቆመው አይችልም። ለዚህም ነው የመርፌው ክትባት ጉልበት የሚለካው በጠቅላላ ፕሮቲኑ መጠን ሳይሆን በዲ አንቲጂን የሆነው፤ በተለመደው ክትባት አንድ መጠን ውስጥ ለዓይነት አንድ 40፣ ለዓይነት ሁለት 8፣ ለዓይነት ሦስት 32 የዲ አንቲጂን መለኪያ አለ።

በረዶ ሲሠራ ደግሞ የውሃው ክሪስታሎች እያደጉ ጨዉንና ቫይረሱን በቀረችው ጥቂት ፈሳሽ ውስጥ ያጭቋቸዋል፤ የዲ አንቲጂኑ መጠንም ይቀንሳል። ባለ ማይክሮስኮፖቹ በኢቴን የሚሸሹት ይኸንኑ የበረዶ ክሪስታል ነው። ብልቃጡ ሲቀልጥ ጥርት ያለ የሚመስልዎ ለዚህ ነው፤ ፕሮቲኑ አልጠፋም፣ አልጎሸመም፣ መልኩን ብቻ ነው የቀየረው፤ በ30 ናኖሜትር ላይ የሆነውን ደግሞ ዓይን አያየውም። ቪቪኤም የሚቆጥረው ሙቀትን ብቻ ስለሆነ ስለ በረዶ ምንም አይነግርዎትም። ብልቃጡን ነቅንቆ መዝቀጡን የማየት ምርመራውም እዚህ አይሠራም፤ እርሱ አሉሚኒየም ላለባቸው ክትባቶች ነው፤ የፖሊዮው መርፌ ብቻውን ሲዘጋጅ አሉሚኒየም የለበትም። መመሪያው ትክክል ነበር፤ ባልደረባዎም የጠየቀችው ተገቢ ጥያቄ ነው።

ሲስተር ከአቃቂ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡50

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአፍ ጠብታው ግን በረዶ ሆኖ ይቀመጥ የለም ወይ?

ክሪስታል አብቃይ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡05

ይቀመጣል፤ በእርሱ ውስጥ ማረጋጊያ ይጨመርበታል። ደግሞም ሕያው ስለሆነ በአንጀት ውስጥ ራሱን ያባዛል፤ የመርፌው ግን ያለውን ይዞ ነው የሚመጣው። ጠላቱ ሙቀት ነው፤ ቪቪኤምም መጀመሪያ የተለጠፈው በእርሱ ላይ ነው።

የናሙና ሰው
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡30

እኔ በላቦራቶሪ ሙያ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ስለ ሲዲ 155 የተነሣው ነገር በዕለት ሥራችን ላይም ስላለ ልጨምር። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ሲዝል በሽታው በጀመረ በ14 ቀናት ውስጥ፣ ቢያንስ የ24 ሰዓት ልዩነት ያላቸው ሁለት የሰገራ ናሙናዎች ተወስደው ለፖሊዮ ይመረመራሉ። በሰገራ ውስጥ ግን ፖሊዮን የሚመስሉ ብዙ የአንጀት ቫይረሶች አሉ። ስለዚህ በዓለም አቀፉ የፖሊዮ ላቦራቶሪዎች መረብ ኤል 20 ቢ የሚባሉ ሴሎች ይሠራባቸዋል። እነዚህ የአይጥ ሴሎች ናቸው፤ አይጥ በተፈጥሮዋ በፖሊዮ አትያዝም፤ ነገር ግን የሰው ሲዲ 155 ጂን ስለገባባቸው ፖሊዮ ሲገባባቸው ይሞታሉ፤ ሌሎቹ የአንጀት ቫይረሶች በአብዛኛው ምንም አያደርጓቸውም። በቁልፉ ሳይሆን በበሩ መያዝ ማለት ነው። የቦዩንና የሲዲ 155ን ግጥሚያ በማይክሮስኮፕ ያሳዩት ሰዎች ያሳዩን ነገር፣ እኛ ዘንድ ሴሎቹ ክብ ሆነው ከሣህኑ ሲላቀቁ ይታያል።

የቱሉ ዲምቱ መምህር
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡15

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ በክፍል ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ።

ኤክስሬዩን በቃል ማስረዳቱ ስለከበደኝ ከካርቶን ጀመርኩ። ከብስኩት ካርቶን እኩል ጎን ያላቸው ሦስት ማዕዘኖችን ቆረጥን፤ በየቡድኑ ሃያ ሃያ ታደለ። በስኮች እንዲያያይዟቸው ነገርኩ፤ ስንት ስንት በአንድ ጫፍ ላይ እንደሚገናኙ ግን ሆን ብዬ አልነገርኳቸውም። አንደኛው ቡድን ስድስት ስድስት አደረገ፤ ወለሉ ላይ እንደ ተዘረጋ ምንጣፍ ጠፍጣፋ ሆኖባቸው፣ ቢገፉትም አልጎብጥ አላቸው። ጥያቄውን ያነሣችው ተማሪ ከስድስቱ አንዱን ነቅላ ክፍተቱን ሳበችና አጋጠመችው፤ ያኔ ጉብ አለ። ከዚያ በኋላ ሁሉም አምስት አምስት አደረጉ፤ ሃያው ሲያልቅም ሳይገፋ ሳይጎተት ራሱ ተዘጋ። ጫፎቹን አስቆጠርኳቸው፤ 12 ሆኑ። በእያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ሦስት ቁራጮች አድርገው በእስክሪብቶ እንዲያከፋፍሉ ስነግራቸው፣ 60ውን ከእኔ ቀድማ የተናገረችው እርሷ ናት።

«ሥዕሉን ማን ሣለው?» ለሚለው የሰጠኋት መልስ፣ «ማንም አንድ ጊዜ አይቶ አልሣለውም፤ እልፍ ጊዜ የተደጋገመውን ደምረው ነው ያወጡት፤ አንቺም ከአምስቱ ሦስት ማዕዘን ተነሥተሽ ሙሉውን እንዳወጣሽው» የሚል ነበር። ለጊዜው ተቀብላዋለች። ጃንጥላውን ዛሬ ማታ ትሞክረዋለች፤ ከመንገድ ማዶ ያለው መብራት በርቶ ከዋለ ማለቴ ነው።

ሲስተር፣ የአይስ ፓኩን ታሪክ በክፍል ተርኬዋለሁ። ካላስቸገርኩዎ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ቀን መጥተው ቪቪኤም ያለበት ብልቃጥ ቢያሳዩልን?

ሲስተር ከአቃቂ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡20

በደስታ ነው፣ መምህር። ብልቃጥ ከክትባት ክፍል ማውጣት አይፈቀድልኝም፤ የቪቪኤሙን ደረጃዎች የሚያሳየውን ካርድ ግን ይዤ እመጣለሁ። ሰኞና ማክሰኞ ክትባት ስላለ አይመቸኝም፤ ረቡዕ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ልምጣ። ከማቀዝቀዣ የወጣ አንድ አይስ ፓክም በጋዜጣ ጠቅልዬ አመጣለሁ፤ ትምህርቱ እስኪያልቅ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥና፣ ልጅቷ እየነቀነቀች መቼ ውሃው እንደሚሰማ ትንገረን።